ዲስኩ ያጣፍጠዋል

ሐመልማል ጠዋት ጠዋት ጫማዋን ከማጥለቋ በፊት ዲስኳን ትሰካለች። ዲስኩ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ጥቁር ነገር ነው። ቀበቶዋ ላይ ይንጠለጠልና ፀጉር በመሰለች ሽቦ ከመነጽሯ ጋር ይገናኛል። እንደሰካችው በመነጽሩ ጥግ ላይ «በመነሳት ላይ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ከዚያ ጥርሷን ቦርሻ ሳትጨርስ ቤቱ በፊደል መናገር ይጀምራል። «ውሃ ይፈሳል።» «የጎረቤት ውሻ ይጮኻል።» «በር ተንኳኳ።»

መነጽሩን ቃል አሳይ ይሉታል። ሰው ሲናገር የሰማውን ወደ ፊደል ለውጦ ከተናጋሪው አገጭ በታች ይጽፋል። ሐመልማል በልጅነቷ ማጅራት ገትር ይዟት ከሞት ስትተርፍ ጆሮዋ አልተረፈም፤ አንደበቷ ግን ቀርቶላታል። መናገር አላቃታትም። ያኔ ከንፈር በማንበብ ትግባባ ነበር። ቃል አሳይ ከመጣ ወዲህ ግን ዓይኗ ፊደሉን ስለለመደ የሰው ከንፈር ለእሷ እንደ ማንኛውም የሚንቀሳቀስ ነገር ሆኗል።

መነጽሩ አፍንጫ ላይ እንዳይከብድ ተብሎ በጣም ቀሎ ስለተሠራ ፕሮግራም የሚጫንበት ቦታ የለውም። ፕሮግራሙ ያለው ዲስኩ ላይ ነው፤ የሚሠራውም ከዚያው ነው። ዲስኩ ሲነቀል መነጽሩ ተራ መስታወት ነው። ስለዚህ የሐመልማል ጆሮ ቀበቶዋ ላይ ነበር ማለት ይቻላል፤ ያንን ጆሮ የሚንከባከበው ደግሞ ባሏ ፍስሐ ነው። ፍስሐ በከተማው የቋንቋ ላቦራቶሪ ፕሮግራም ጸሐፊ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ «አምጪው ላድስልሽ» ብሎ ዲስኩን ይወስድና ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ይቆያል። ሲጨርስ ራሱ ቀበቶዋ ላይ ያደርግላታል። ምኑን እንደሚያድሰው ጠይቃው አታውቅም። ባሏ ነዋ!

የሚኖሩት ሻላ ከተማ ነበር። ሻላ ከሐይቁ በላይ፣ በገደሉ ከንፈር ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ መብራቷም ሙቀቷም ከመሬት ሆድ በሚወጣ እንፋሎት ነው። ሐመልማል በእንፋሎት ጣቢያው የቧንቧዎች ክፍል ኃላፊ ነበረች። በሥራዋ ትመሰገናለች። ስለ ሥራ ባልደረቦቿ ሲጠይቋት «እንደነሱ ያለ ደግ ሰው አላየሁም፤ ክፉ ቃል ከአፋቸው አይወጣም» ትል ነበር።

ከአንድ ሰው በቀር። እሱም ገመቹ ነው።

ገመቹ የክፍሉ ቧንቧ መርማሪ፣ ዕድሜው ከሁሉም የሚበልጥ፣ ቁጥብ ሰው ነበር። ወደ ክፍሉ ከመጣ ገና ጥቂት ወራት ሲሆነው፣ በሰኔ፣ የሰባተኛው ቧንቧ መጋጠሚያ ፈንድቶ ቀኝ እጁን ከክርኑ እስከ ጣቶቹ ቀቀለው። ምርመራ ሲደረግ ገመቹ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን አቅፎ «ከአንድ ቀን በፊት ነግሬያታለሁ። አፍ አውጥቼ፣ ፊት ለፊቷ ቆሜ ነግሬያታለሁ፤ እሷ ግን ሳቀችብኝ» አለ። ሐመልማል ደነገጠች። እሷ የምታስታውሰው ሌላ ነው። ቃል አሳይ የጻፈው ሁሉ ስለሚቀመጥ ኮሚቴው ጽሑፉን አስወጥቶ አየ። የገመቹ ቃል ተብሎ የተጻፈው እንዲህ ይል ነበር፦ «ኢንጂነር፣ የሰባተኛው ቧንቧ መጋጠሚያ ትንሽ ላብ ይዟል። ጊዜ ሲገኝ ቢታይ ጥሩ ነው።»

ገመቹ «ድምፄን አምጡልኝ!» ብሎ ጮኸ። ፍስሐ በባለሙያነት ተጠራና «ዲስኩ ጽሑፉን እንጂ ድምፁን አያስቀምጥም» ብሎ መሰከረ። ነገሩ በዚሁ አበቃ። ገመቹ የራሱን ቸልተኝነት በሴት ላይ ሊያላክክ የሞከረ ውሸታም ተባለ። እጁም እንደ ድሮው ስለማይሆን ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ። ከዚያ ወዲያ ከሐመልማል ጋር በኮሪደር ሲተላለፉ ሰላምታ የለም። እሷም አዝናበታለች። «በዚህ ዕድሜው!» ትል ነበር ለፍስሐ። ፍስሐ ሌላ ወሬ ያነሳል።

በኅዳር ወር ፍስሐ ለሥራ ጅግጅጋ ሄዶ ሳለ ዲስኩ መታመም ጀመረ። ቃሉ ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣም ተቆራርጦ ነው። «እን... አደ... ኢንጂ...» ሐመልማል አንድ ሙሉ ጠዋት የሰዎችን ፊት እያየች ስትገምት አረፈደችና በምሳ ሰዓት ከአውቶቡስ መናኸሪያው ሥር ወዳለው የኬርያ ጥገና ቤት ሄደች። ኬርያ ድሮ ከፍስሐ ጋር በአንድ ላቦራቶሪ ትሠራ የነበረች፣ በኋላ የራሷን ሥራ የጀመረች ባለሙያ ናት። ዲስኩን ጆሮዋ ላይ አስጠግታ አዳመጠችና በጠረጴዛዋ ሰሌዳ ላይ ጻፈችላት።

«እየሞተ ነው። ውስጡ ይንቋቋል። ሳይዘጋ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ልገልብጥልሽ፤ እስከ ማታ ይወስዳል።»

«እስከ ማታ ያለ ቃል ልዋል?»

ኬርያ ከመደርደሪያዋ ያልተከፈተ እሽግ አወረደች። ከውስጡ ነጭ ዲስክ ወጣ። ጫፉን ከመነጽሩ ሽቦ ጋር አገናኘችና ጻፈች፦ «ይሄ ከሠሪዎቹ እንደመጣ ነው። የምንጭነው ነገር የለም፤ እዚሁ ዲስኩ ላይ እንዳለ አስነሺው።»

በመነጽሩ ላይ «ከውጭ ዲስክ ይነሳ?» የሚል ጥያቄ መጣ። ሐመልማል የመነጽሩን ጎን ነካ አደረገች። ጥቂት ቆይቶ ከኬርያ አገጭ በታች ፊደል ተደረደረ።

«ይታይሻል?»

«ይታየኛል» አለች ሐመልማል፤ እፎይ ብላ ወጣች።

ገና የመናኸሪያውን አደባባይ ሳትሻገር አንድ ጋሪ ገፊ ከኋላዋ ደረሰ። «አንቺ ደንቆሮ! ከመንገድ ውጪ!» የሚል ጽሑፍ መነጽሯ ላይ ቦግ አለ። ቆመች። ሰውየውን አየችው፤ እየሄደ ነው። ሁለት ሴቶች አጠገቧ አለፉ። «መነጽሯን ሰክታ ዓለሙን ረስታዋለች» አለች አንደኛዋ። ባቡር ጣቢያው በር ላይ ትኬት የሚቆርጠው፣ ሁልጊዜ «እንኳን ደህና መጣሽ እመቤት» የሚላት ጎልማሳ፣ እንደ ወትሮው ፈገግ ብሎ «ደግሞ መጣች ይቺ» አለ።

ሐመልማል ትኬቱን ሳትወስድ ወደ ኬርያ ተመለሰች።

«ይሄ ዲስክ ባለጌ ነው» አለቻት። «ሰው ያላለውን ይጽፋል።»

ኬርያ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ወደምትገለብጠው ጥቁር ዲስክ መለሰችና ሳቋ ቀዘቀዘ። ወንበር ስባ ሐመልማልን አስቀመጠቻት።

«እህቴ፣ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ እያሰብኩ ነበር። የአንቺ ፕሮግራም ከሠሪዎቹ ከሚመጣው እጅግ ይከብዳል። አሁን ከፍቼ አየሁት። በሚሰማው ክፍልና በሚጽፈው ክፍል መካከል ሌላ ነገር ገብቷል። ስሙ ‹ማለስለሻ› ይላል።»

«ምንድን ነው የሚያለሰልሰው?»

«ቃል።» ኬርያ ጣቶቿን አፋተገች። «ስድቡን ያወጣል፣ ቁጣውን ያበርዳል። ለመማር ደግሞ የሰማውን ድምፅ ሁሉ ያስቀምጣል። የስንት ዓመት ድምፅ እዚህ አለ መሰለሽ!»

«ድምፅ አያስቀምጥም» አለች ሐመልማል ቶሎ ብላ። «ፍስሐ ነው ያለው። ለኮሚቴ ምሎ ነው ያለው።»

ኬርያ በሰሌዳው ላይ የማለስለሻውን ሠሪ ስም ከፍታ አሳየቻት። ሐመልማል የባሏን ስም አነበበች፤ ደጋግማ አነበበችው። የሌላ ሰው ስም እንዲሆንላት የፈለገች ያህል።

«የትኛውን ቀን ልክፈትልሽ?» አለች ኬርያ በስተመጨረሻ።

ሐመልማል ማሰብ አላስፈለጋትም። ከፍንዳታው በፊት የነበረውን ቀን ነገረቻት።

ኬርያ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈለችው። በግራ በኩል አሮጌው ዲስክ ለሐመልማል የጻፈላት ይታያል፤ በቀኝ በኩል ያንኑ ድምፅ አዲሱ ዲስክ ሰምቶ ይጽፋል። ግራው የምታውቀው ነው፤ ትንሽ ላብ፣ ጊዜ ሲገኝ። በቀኝ በኩል ፊደሎቹ አንድ በአንድ መጡ።

«ኢንጂነር፣ ሰባተኛው ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቋል። ዛሬውኑ ካልዘጋሽው ሰው ይቀቅላል። ሰማሽኝ? ... ምን ያስቅሻል? የሰው ነፍስ ነው እኮ የምልሽ!»

ከሥሩ የራሷ ቃል ተጻፈ፦ «እሺ ኦቦ ገመቹ፣ አመሰግናለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እናየዋለን።»

ትዝ አላት። ፈገግ ብላ ነበር። ሽማግሌው በትሕትና የነገራት መስሏት፣ እሷም በትሕትና ፈገግ ብላለት ነበር።

ኬርያ ውሃ ሰጠቻት፤ ብርጭቆውን ይዛ ሳትጠጣ ቆየች።

በማግስቱ ነጩን ዲስክ ጃኬቷ ሥር ደብቃ ሥራ ገባች። ለማንም አልተናገረችም። በጠዋቱ ስብሰባ የሚቀጥለውን ወር የጥገና ዕቅድ እያስረዳች ሳለ ምክትሏ ብዙነህ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ ተናገረ።

«ይቺ ሴትዮ ዛሬም በራሷ ሐሳብ ልታደርቀን ነው።»

አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባ በክርኑ ጎሸመው። «ተው እንጂ።»

«ምን ችግር አለው? ዲስኩ ያጣፍጠዋል።»

በመነጽሯ ጥግ ላይ «ሳቅ» የሚል ቃል መጣ፤ ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከጠረጴዛው ዙሪያ ሁሉ። ሐመልማል ፊታቸውን ተራ በተራ አየች። ትናንትናም፣ ከትናንት ወዲያም፣ ለዓመታትም ያየችው ያው የለመደችው ፈገግታ ነው። ከፊቱ በታች ያለው ጽሑፍ ነው የተለወጠው።

«ብዙነህ፣ ምን አልክ?»

«ጥሩ ዕቅድ ነው አልኩ» አለ ሳይደነግጥ።

«ዛሬም በራሷ ሐሳብ ልታደርቀን ነው፤ ምን ችግር አለው፣ ዲስኩ ያጣፍጠዋል። ይህን ነው ያልከው።»

የብዙነህ ፊት ደም የሸሸው መሰለ። አንድ ሰው ወንበር ሳበ፤ «የወንበር ድምፅ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ከዚያ አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ፤ ብዙነህን ግን በሩ ላይ ያዘችው።

«ማን ነገራችሁ?»

«ሐመልማል፣ እባክሽ...»

«ማን ነው የነገራችሁ?»

«ባልሽ» አለ። «ኃላፊ ሆነሽ የተሾምሽ ጊዜ እቤታችሁ ጠርታችሁን አልነበር? አንቺ ወደ ጓዳ ስትገቢ ነገረን። ‹ከእሷ ጋር ስታወሩ እንዳትጨነቁ፣ አፋችሁ ቢያመልጣችሁ ፕሮግራሙ ያስተካክለዋል› አለን። መጀመሪያ እንጠነቀቅ ነበር፤ በልጆቼ እምልልሻለሁ። ከዚያ... ሰው ነን። ለመድነው።»

«ገመቹስ ያውቅ ነበር?»

«እሱ በኋላ ነው የመጣው። ማንም አልነገረውም።»

«እና ሲመረመር፣ ውሸታም ሲባል፣ እናንተ ሁላችሁ እዚያ ነበራችሁ።»

ብዙነህ ጫማውን አየ። «ባልሽ ራሱ ቆሞ ሲመሰክር እኛ ምን እንበል? የባልና ሚስት ነገር ነው ብለን...»

ሐመልማል ተወችው። ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች። ሰው ሲከዳ ልቡ ይደማል ሲባል ትሰማ ነበር፤ እሷን የተሰማት ግን ሌላ ነው። ለዓመታት የኖረችበት ቤት ግድግዳው ሥዕል ሆኖ ተገኘባት። ደግ ያለቻቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበች፤ በበዓል ቀን የመረቋትን፣ አባቷ ሲሞት ያጽናኗትን። የትኛው ቃል የሰው፣ የትኛው የዲስኩ እንደሆነ መለየት አልቻለችም። ይህ ከስድቡ ሁሉ ባሰባት። ደግ የነበሩትንም አሳጣት።

ፍስሐ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከጅግጅጋ ተመለሰ። ሻንጣውን በር ላይ አስቀምጦ ሊስማት ሲጠጋ ቀበቶዋ ላይ ያለውን ነጭ ዲስክ አየ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«የኔው የት ሄደ?» አለ።

«ኬርያ ጋ።»

ተቀመጠ። ሐመልማል በትውውቃቸው ዘመን ሁሉ እንዲህ ሲያረጅ አይታው አታውቅም።

«ስሚኝ» አለ። «የመጀመሪያ ሥራሽን ታስታውሺያለሽ? ‹ደንቆሮዋን ማን አመጣብን› ብለውሽ፣ መነጽሩ ላይ አንብበሽ መጥተሽ፣ ስንት ቀን እህል አልቀመስሽም? እኔ ነኝ ከአልጋ ያነሳሁሽ። ያን ጊዜ ነው የጀመርኩት። ስድብ ብቻ ነበር የማወጣው። ከዚያ ሽሙጡን ጨመርኩ፣ ከዚያ ቁጣውን። ኋላ ላይ ራሱ መማር ጀመረ። ለፕሮግራሙ ቁጣና ማስጠንቀቂያ መልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ጮኸው ነው የሚመጡት። ይህን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም።»

«ስድቡን ባነብ አልሞትም ነበር፣ ፍስሐ። አልቅሼ እነሳ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«የሰው እጅ ተቃጥሎ፣ ያ ሽማግሌ ውሸታም ተብሎ፣ አንተ ቆመህ ድምፅ አያስቀምጥም አልክ።»

«ከዚያ ለአንቺ ነግሬሻለሁ!» አለ ፍስሐ ድንገት ቀና ብሎ። «የመሰከርኩ ዕለት፣ እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነግሬሻለሁ። እያለቀስኩ ነገርኩሽ። አንቺም ግንባሬን ሳምሽኝ።»

ሐመልማል ያን ዕለት አልረሳችውም። እጇን ይዞ አልቅሷል። መነጽሩ ላይ የመጣው፦ «አይዞሽ የኔ ዓለም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ሁሉም ያልፋል» የሚል ነበር። ለእሷ ያለቀሰላት መስሏት ግንባሩን ሳመችው፤ «አንተ ካለኸኝ ምን እሆናለሁ» አለችው።

ሐመልማል ኬርያ የገለበጠችላትን ድምፅ በቤታቸው ሰሌዳ ላይ ከፈተችና ቀኑን ፈልጋ አስነሳችው። ፍስሐ የራሱን ድምፅ ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ። ሐመልማል አነበበች።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ገመቹ እውነቱን ነው። ቃሉን የለወጥኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ዋሽቼ መጣሁ። ይቅር በይኝ ሐመልማል፤ አልቻልኩም።»

ለአፍታ ልቧ ሊራራ ቃጣው። ነግሯታል! ከዚያ የራራው ልቧ ራሱ ጥያቄ አነሳ።

«ይህን ስትነግረኝ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጥቁሩ ዲስክ ቀበቶዬ ላይ ነበር?»

ፍስሐ ወደ ቀበቶዋ አየ።

«ታውቅ ነበር? ለእኔ እንደማይደርስ ታውቅ ነበር?»

ከአገጩ በታች መስታወቱ ባዶ ነበር። ጠበቀች። በጥጉ ላይ «የማቀዝቀዣ ድምፅ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ባልና ሚስት እንዲህ ተያይተው ብዙ ቆዩ፤ ከማቀዝቀዣው በቀር የተናገረ የለም። ሐመልማል ከእሱ ዝምታ በላይ ጥርት ያለ መልስ አግኝታ አታውቅም። ለኅሊናው ተናዘዘ፤ የሚሰማው ሰው ግን እንዳይኖር አድርጎ። ምሕረቷንም ወሰደ፤ ምን እንደምትምር ሳታውቅ።

በዚያው ሳምንት ፍስሐ እህቱ ዘንድ ሄደ። ሐመልማል የገመቹን ድምፅ ለኮሚቴው ወስዳ ምርመራው እንደገና ሲከፈት ግን ማንም ሳይጠራው መጥቶ እውነቱን ተናገረ፤ ከላቦራቶሪውም ተሰናበተ። ኮሚቴው ድምፁን አዳመጠ። ሰብሳቢው ተነስቶ ገመቹን ይቅርታ ጠየቀ፤ ወደ ቦታው እንዲመለስም ተወሰነ።

ሐመልማል ገመቹን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አገኘችው። ቀኝ እጁ ላይ ያለው ቆዳ ተጨማዶ ያበራል።

«ኦቦ ገመቹ» አለች፣ «ይቅርታ ልል አይደለም የመጣሁት፤ ይቅርታ ያንሳል። የሚሉኝ ነገር ካለ ግን ልሰማ ነው የመጣሁት። አሁን የሚጽፍልኝ ያሉትን ብቻ ነው።»

ገመቹ ነጩን ዲስክ አየ፤ ከዚያ እሷን።

«እጄን በሽታ በይው፣ አደጋ በይው፣ ያልፋል» አለ። «ልጄ ግን ዩኒቨርሲቲ ሆና ደወለችልኝ። ‹አባዬ፣ እውነት በሴትዮዋ ላይ ዋሽተሃል?› አለችኝ። ለገዛ ልጄ ማልኩ። አመነችኝ ወይ? አላውቅም። እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ጊዜ አንቺን ረግሜሻለሁ። ጠዋት ማታ ረግሜሻለሁ።»

ሐመልማል ቃሉን ሁሉ አነበበች። ዓይኗን ከፊደሉ አላነሳችም፣ አላለቀሰችም። «ልጅዎን እኔ ልደውልላት?» አለች።

«አዎ» አለ ገመቹ። «አንቺ ደውይላት። ከእኔ አፍ አይሆንም።»

በዚያው ዕለት ደወለች። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና «ለምን ይህን ያህል ጊዜ ወሰደ?» የሚል ብቻ በመስታወቱ ላይ መጣ።

ነገሩ በከተማው ከተወራ በኋላ ሐመልማል አሮጌውን ዲስክ ለመውሰድ ኬርያ ጋ ሄደች። ጥገና ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል።

«ሥራ በዛልሽ» አለቻት።

ኬርያ ወደ ጓዳዋ ሳበቻት። «የመጡበትን ልንገርሽ? ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። ‹ያ ማለስለሻ አለሽ ወይ› ይሉኛል። ለጆሮ ማዳመጫቸው፤ የሰውን ንግግር አለስልሶ እንዲያሰማቸው። አንዳቸውም መስማት የተሳናቸው አይደሉም፤ ሁሉም ይሰማሉ። ማለስለሻ አልሠራም ብያለሁ፤ እነሱ ግን አይሄዱም።»

ሐመልማል በመጋረጃው ስንጥቅ ወደ ውጭ አየች። ከወረፋው መሐል ብዙነህ ነበር። እሱም አያት። ሊሸሽ ፈለገ፤ መንገዱ በሰው ስለተዘጋ አልቻለም። ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

ከአፏ ሊወጣ የተዘጋጀ ቃል ነበር፤ የሚገባውን የሚነግረው። ግን ፊቱን አየችው። ዓይኑ ሥር አብጧል፣ ጢሙ ያደገው ሳይፈልገው ነው። ቃሉን መለሰችው።

«አንተ ደግሞ ለምን ፈለግኸው?» አለችው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ለቤቴ» አለ ብዙነህ። «እባክሽ አትፍረጂብኝ። ሚስቴ ማታ ስገባ የምትለኝን አልቻልኩትም። በየቀኑ አንድ ነገር ነው። ትንሽ ለስለስ ብሎ ቢመጣልኝ ብዬ ነው። ትንሽ ብቻ።»

«ምንድን ነው የምትልህ?»

ብዙነህ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ወደ መነጽሯ ተመለከተ፤ ቃሉ እንዳለ እንደሚጻፍ እያወቀ።

«‹አትሰማኝም› ነው የምትለኝ።»

ፊደሎቹ ከአገጩ በታች ትንሽ ቆይተው ጠፉ። ሐመልማል ከጥግ ሁለት ወንበር ስባ አንዱን ለእሱ ሰጠችው።

«ተቀመጥ» አለችው። «ሌላስ ምን ትልሃለች?»